አርሶ አደሩ የሚፈልገው ቪዲዮ ለምን አይገኝም?

በ2009 ዓ.ም. ወደ ሀገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች በቆሎውን ሲወርበት፣ ስልክ ያለው አርሶ አደር መፍትሔውን ከዩቲዩብ መፈለጉ አይቀርም። የባለሙያው ትምህርት ግን «የግብርና ፕሮግራም ክፍል 3» የሚል ርእስ ብቻ ከተሰጠው በፍለጋው ውጤት ወደ ኋላ ይቀራል።

ዩቲዩብ ቪዲዮዎችን የሚያስቀድመው ርእሳቸውና መግለጫቸው ከተፈለገው ቃል ጋር ባላቸው ዝምድና፣ ተመልካቹ በሚሰጣቸው ጊዜ እንዲሁም በአቅራቢው ተአማኒነት ነው። ስለሆነም ርእሱ የሰብሉንና የተባዩን ስም አርሶ አደሩ በሚጠራበት አጠራር ሊይዝ ይገባል። «ፀረ ተባይ» እና «ጸረ ተባይ» የመሳሰሉ አማራጭ አጻጻፎችም በመግለጫው ቢካተቱ ይመረጣል።

ተምቹ ገና ትንሽ እጭ ሳለ ካልተገታ፣ ሲያድግ በበቆሎው እምብርት ተደብቆ ለመድኃኒት ያስቸግራል። የባለሙያው ምክር ከመድኃኒት ሻጩ ማስታወቂያ በታች ሲሰለፍ ኪሳራው የሚታየው በአውድማ ላይ ነው።