ደርብ፦ ለአንድ ሰው አንድ ካርድ



በዚህ ዓምድ የምንጽፈው አብዛኛውን ጊዜ በእንግዳ ማረፊያው ደጃፍ ከሚቀርብልን ጥያቄ ተነሥተን ነው። ሰሞኑን የተደጋገመው ጥያቄ ግን መልሱ ከዕቃ ቤታችን መጻሕፍት የሚገኝ አይደለም። ልጆቻቸው በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በሪያድ ከተማ የሚሠሩላቸው ወላጆች ለጥቂት ሳምንታት ጥየቃ ሊሄዱ ሲነሡ ይሰናበቱናል። ከተሰናበቱን በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አባታችን፣ በዚያ አገር ባቡሩ ያለ ነጂ ይሄዳል አሉ፤ መግቢያውም በካርድ ነው አሉ፤ እኛ ፊደል ያልቆጠርነው እንዴት እንሆናለን?» ይላሉ።

እኛ ሪያድን በዓይናችን አላየንም። ነገር ግን ደርሰው የተመለሱትን ጠይቀን፣ የአንዱን ቃል በሌላው አመሳክረን፣ የሚጠቅመውን ለይተን ጽፈናል። ለመጻፍ ያነሣሣን ደግሞ የራሳችን ስሕተት ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት ከተሳላሚዎች ጋር ከአገር ወጥተን ሳለ፣ በአንድ ከተማ የባቡር ካርድ ገዝተን በኪሳችን ከተትን፤ መግዛቱ መክፈል መስሎን ነበርና ከማንበቢያው ላይ ሳናስነካ ተሳፈርን። ተቆጣጣሪው መጥቶ ካርዱን ሲመረምር ባዶ መንገድ የሄድን ሆነን ተገኘን። ሰውየው በትዕግሥት አስረድቶ አለፈን እንጂ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የተሰማን ዕፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀንም። ሌላው በእኛ ከደረሰው ይማር ዘንድ ጽሕፈቱን ከዚህ ጀመርን።

የሪያድ ሜትሮ ሥራ የጀመረው ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዕለት ሰማያዊው፣ ቢጫውና ሐምራዊው መስመር ተከፈቱ፤ ቀዩና አረንጓዴው በታኅሣሥ 6፣ ብርቱካናማው በታኅሣሥ 27 ተከተሉ። ስድስቱ መስመሮች በድምሩ 176 ኪሎ ሜትር ይረዝማሉ፤ 85 ጣቢያዎችም አሏቸው። ከ2008 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚሠራውን ቀላል ባቡር የምታውቁ ሁለቱን መስመሮቹን አስታውሱና የዚህን ስፋት ገምቱ። የሪያድ ሕዝብ ከሰባት ሚሊዮን ይበልጣል፤ ከተማዪቱም የተሠራችው ለመኪና እንጂ ለእግረኛ አልነበረም። መኪና የሌለው እንግዳ የሚያመጣውና የሚወስደው ሰው እስኪያገኝ በቤት ተቀምጦ ይውል ነበር። ለሦስት ሳምንት ልጇን ልትጠይቅ ሄዳ ከአራት ግድግዳ በቀር ምንም ሳታይ የተመለሰች እናት በአካባቢያችን ጥቂት አይደለችም።

በባቡሩም በከተማ አውቶቡሱም የሚያገለግለው ካርድ «ደርብ» ይባላል፤ በስልክ የሚሠራውም መተግበሪያ ስሙ ይኸው ነው። ቃሉ በዓረብኛ መንገድ ማለት ነው። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ግን ይህን ስም ሰምቶ ዝም ብሎ አያልፍም፤ በአማርኛ «ደርብ» ማለት አንዱን በሌላው ላይ ጨምር፣ ሁለት አድርግ ማለት ነውና። የሚገርመው ካርዱ የማይፈቅደው ይህንኑ መሆኑ ነው። ካርዱ ለአንድ ሰው አንድ ነው፤ ሁለት ሰው አይደረብበትም። ይህን የምንለው በስም ለመጫወት ብለን አይደለም። አንዲት እናት የነገሩንን ስሙ።

እኚህ እናት ፊደል አልቆጠሩም። የበኩር ልጃቸው በሪያድ መንፉሓ በሚባለው ሰፈር ይኖር ነበር። በኅዳር 2006 ዓ.ም. በዚያ ሰፈር የሆነውን፣ ከዚያም በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ መመለሳቸውን ታስታውሳላችሁ። ልጃቸውም ከተመለሱት አንዱ ነበር፤ አንድ ፌስታል ይዞ ነው ቤት የገባው። ከዓመታት በኋላ ታናሽ እኅቱ በነርስነት ተቀጥራ ወደዚያችው ከተማ ሄደች፤ እናቷንም ለአንድ ወር ጥየቃ አስመጣቻቸው።

በመጀመሪያው ዓርብ፣ ልጅቱ ከሥራ በምታርፍበት ቀን፣ እናትና ልጅ ወደ ጣቢያ ወረዱ። የልጅቱ ካርድ ተሞልቶ በእጇ ነበር፤ የእናቲቱ ገና አልተገዛም። በቲኬት መሸጫው ማሽን ፊት ረጅም ሰልፍ ነበረ። ልጅቱ ቸኩላ፣ «እማዬ፣ እኔ ካርዱን ሳስነካ በሩ ይከፈታል፤ ከኋላዬ ተጠግተሽ እለፊ» አለቻቸው። እናት ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም። «ተይ ልጄ፤ እንጀራሽን በአራት ሪያል አልሸጠውም» አሏት። ከሰልፉ ጀርባ ቆሙ። ባቡሩም ሄደ፤ ሌላው መጣ።

አራት ሪያል የአንድ ጉዞ ዋጋ ነው። እኚህ እናት ያሰቡት ግን አራቱን ሪያል አልነበረም። በሰው አገር የሚሠራ ልጅ ስሙ ካልጎደፈ ብቻ እንደሚያድር ከበኩር ልጃቸው ተምረዋል። ያለ ቲኬት የተገኘ መንገደኛ መቀጫ ይከፍላል፤ መቀጫው ቢከፈል እንኳ እንግዳው ወደ አገሩ ሲመለስ በዚያ የሚቀረው ልጁ ነው። ስለዚህ የምንመክረው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፦ ልጆች ሆይ፣ ወላጃችሁ ከመምጣታቸው በፊት በስማቸው የሚያዝ አንድ ካርድ ገዝታችሁ ጠብቋቸው። ከአውሮፕላን የወረደ ደካማ ሰው በሰልፍ አይቁም፤ ከልጁ ጀርባም አይሹለክ። ካርዱን ስትገዙ ለካርዱ ለራሱ የምትከፍሉትንና በውስጡ ለጉዞ የሚሞላውን ለይታችሁ ጠይቁ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ይህን ስንጽፍ የምናውቀው እንዲህ ነው። በተራው ማዕረግ የሁለት ሰዓት ቲኬት 4 ሪያል፣ የሦስት ቀን 20፣ የሰባት ቀን 40፣ የሠላሳ ቀን 140 ሪያል ነው። የሁለቱ ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ካርዱ መጀመሪያ ካስነካበት ጊዜ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከባቡር ወደ ባቡር ወይም ወደ አውቶቡስ ቢቀየር ሌላ ክፍያ የለበትም። ዋጋ ይለወጣልና ከመክፈላችሁ በፊት መጠየቅ አይጎዳችሁም።

አሁን እንደ ባሕረ ሐሳብ ጥቂት እንቁጠር። የሰባት ቀኑ 40 ሪያል ከዐሥር የሁለት ሰዓት ቲኬት ጋር እኩል ነው። እንግዳችሁ በሳምንት አምስት ቀን ደርሶ መልስ የሚሄድ ከሆነ ሁለቱም ያው ናቸው፤ ከዚያ በላይ የሚወጣ ከሆነ የሳምንቱ ይረክሳል። ብዙዎቹ እናቶች ግን በሳምንት ሁለት ቀን ቢወጡ ነው፤ ይህም 16 ሪያል ነው፤ 40 ሪያል መክፈላቸው ከንቱ ወጪ ይሆናል። የሦስት ቀኑም ቢሆን ከአምስት ጉዞ በላይ ለሚያደርግ ሰው እንጂ ለሌላው አይጠቅምም፤ ቀኖቹም ተከታትለው ስለሚቆጠሩ በቤት የዋለበት ቀን ይባክናል። በየቀኑ የሚወጣ ሰው ሦስት ሳምንት ቢቀመጥ ሦስት ጊዜ የሰባት ቀን ቢገዛ 120 ነውና ከሠላሳ ቀኑ ያንሳል፤ አራት ሳምንት ከሆነ ግን 160 ይደርሳልና የሠላሳ ቀኑ ይሻላል። ስለዚህ ካርድ ከመሙላታችሁ በፊት እንግዳችሁን፣ «ወዴት መሄድ ትወዳላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሒሳቡ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሁለተኛው ምክራችን ስለ መንገዱ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው በቀለም ይመራል፤ መስመሮቹም በቀለም መጠራታቸው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው እጅግ ይረዳል። ከንጉሥ ኻሊድ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣው ቢጫው ነው። ቢጫው የንጉሥ ዓብዱላህ የገንዘብ ማዕከል ወደሚባለው ታላቅ ጣቢያ ያደርሳል፤ በዚያ ወደ ሰማያዊው ይቀየራል። ሰማያዊው ከሰሜን ወደ ደቡብ ከተማዪቱን ሰንጥቆ ያልፋል፤ የብሔራዊ ሙዚየሙን፣ የስደተኞች ገበያ የሆነችውን በጥሓን፣ የቀድሞው ቤተ መንግሥት ያለበትን ቀስር አልሑክምን፣ ከዚያም መንፉሓን እያነሣ ይወርዳል። እንግዲህ ለእናታችሁ የስድስቱን መስመር ካርታ አትዘርጉባቸው። «ቢጫ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ» በሏቸው፤ ይበቃቸዋል።

ባቡሩ በእርግጥ ነጂ የለውም። የሚጠራ ወያላ፣ ቲኬት የሚቆርጥም የለም። አንድ አባት በልማዳቸው «ወራጅ አለ!» ብለው ጮኸው ሰው ሁሉ ዞሮ እንዳያቸው እየሳቁ ነግረውናል። መጮህ አያስፈልግም፤ ባቡሩ በየጣቢያው ራሱ ይቆማል፤ የጣቢያውንም ስም በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ይጠራል። ሠረገሎቹም በሦስት የተከፈሉ ናቸው፦ አንደኛ ማዕረግ፣ የቤተ ሰብ ክፍልና የነጠላ መንገደኞች ክፍል። ሴቶችና ልጆች የያዙ ሰዎች በቤተ ሰቡ ክፍል ይቀመጣሉ፤ ብቻውን የሚሄድ ወንድ ወደዚያ አይግባ። ተራ ቲኬት የያዘም በአንደኛ ማዕረግ አይቀመጥ። ካርዱም ከጣቢያው እስኪወጣ ድረስ ከእጅ አይለይ፤ ተቆጣጣሪ ሊጠይቅ ይችላልና።

ወደ እናታችን ነገር እንመለስ። ልጅቱ ከከተማዪቱ ደቡብ፣ በሰማያዊው መስመር አጠገብ ትኖራለች። በዚያ ዓርብ ወደ በጥሓ ሲሄዱ የባቡሩ ድምፅ «መንፉሓ» ብሎ ሲጠራ እናት የልጃቸውን እጅ ያዙ። በሩ ተከፈተ፤ የወረደው ወረደ፤ የገባው ገባ፤ በሩም ተዘጋ። «ይኸው ነው?» አሉ። «ይኸው ነው፣ እማዬ።» ለዓመታት በእንቅልፋቸው የሚያስበረግጋቸው ስም እንደ ማንኛውም ጣቢያ ጥቂት ቆሞ አለፈ። ይህን ሲነግሩን አላለቀሱም፤ እኛ ግን የምንመልሰው ቃል አጣን።

ልጅቱ በማግሥቱ አንድ ክር አምጥታ ከቤቷ እስከ በጥሓ ባሉት ጣቢያዎች ልክ ቋጠሮ ቋጠረችላቸው። ሁለት ጊዜ አብራቸው ሄደች፤ በሦስተኛው በሌላ ሠረገላ ሆና ከሩቅ ጠበቀቻቸው። ከዚያ በኋላ እናት ብቻቸውን ካርዳቸውን አስነክተው፣ በየጣቢያው አንድ ቋጠሮ በጣታቸው እያለፉ፣ በጥሓ ወርደው፣ በርበሬና ቡና ገዝተው ይመለሱ ጀመር። ልጅቱ የሌሊት ተራ ሠርታ ስትመለስ ወጥ ተሠርቶ ይጠብቃት ነበር። «እንግዳ ሆኜ ሄጄ እናት ሆኜ ተመለስሁ» አሉን።

እኛም ነገሩን ያስተዋልነው ከዚህ ቃላቸው በኋላ ነው። ልጅ ለወላጁ ካርድ ሲገዛ የሚገዛለት መሳፈሪያ ብቻ አይደለም፤ ሰው ሳይጠብቅ ወጥቶ የሚገባበትን ነፃነት ነው። ወላጅም ካርዱን በአግባቡ ሲይዝ የሚጠብቀው አራት ሪያል ብቻ አይደለም፤ በሰው አገር የቆመውን የልጁን ስም ነው። አንዱ ሌላውን የሚያከብርበት መንገድ ይህ ሆኖ አገኘነው።

እኚህ እናት ካርዱን ሒሳቡ ካለቀ በኋላ ይዘውት መጥተው፣ «ለሚሄድ ሰው ማሳያ ይሁን» ብለው ለገዳሙ ሰጡን። ክሩም አብሮት አለ። አሁን በእንግዳ ማረፊያው በግምጃው ውስጥ ተቀምጧል። ወደ ሪያድ ለጥየቃ የምትሄዱ ሁሉ ከመነሣታችሁ በፊት ዕሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኛ ብቅ በሉ። የእንጨት ሣጥን ክዳን እንደ ማንበቢያ አድርገን ካርዱን ማስነካት እናለማምዳችኋለን። ባለፈው ሳምንት አንድ የሰባ ዓመት ባላገር ሦስት ጊዜ አስነክተው፣ «ይህን ያህል ከሆነስ እደርሳለሁ» ብለው ሄደዋል።

በሰላም ደርሳችሁ፣ በሰላም ያግባችሁ።