ከባድ ማባበያ የግድ ረጅም ዘንግ ይፈልጋልን?

ማባበያው በከበደ መጠን ዘንጉ ይርዘም፣ ግትርነቱም ይጨምር የሚለው እምነት ዓሣን በዘንግ በሚያጠምዱ ሰዎች ዘንድ እንደ ሕግ ሲነገር ይሰማል። እኛ ግን የሕጉ እኩሌታ ስሕተት፣ የቀረው እኩሌታ ደግሞ ያልተሟላ ነው እንላለን። ይህን ለማለት የሚያበቃን ስሌት ከሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት ብዙም የሚያልፍ አይደለም።

አስቀድመን ቃላቱን እንግለጽ። ማባበያ የምንለው ከእንጨት፣ ከፕላስቲክ ወይም ከብረት በትንሽ ዓሣ አምሳል የተሠራና መንጠቆ የሚንጠለጠልበት ሰው ሠራሽ ነገር ነው። አጥማጁ አርቆ ይወረውረዋል፤ ከዚያም ክሩን በማጠንጠኛው እየጠቀለለ ሲስበው የቆሰለ ዓሣ መስሎ ይዋኛል፤ አዳኙ ዓሣም ተታሎ ይውጠዋል። ለትልቅ ዓሣ ትልቅ ማባበያ ይመረጣልና 60፣ 100፣ አንዳንዴም 150 ግራም የሚመዝኑ አሉ። በአገራችን ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተው የጫሞንና የዓባያን ሐይቆች እንዲሁም የባሮን ወንዝ ነው። በእነዚህ ውኆች የሚገኘው ናይል ፐርች፣ በሳይንሳዊ ስሙ ላቴስ ኒሎቲከስ፣ ሌሎች ዓሦችን እየበላ የሚያድግ፣ ሁለት ሜትር ያህል ርዝመትና እስከ 200 ኪሎ ግራም ክብደት ሊደርስ የሚችል ፍጥረት ነው። (የባሕር ዳር አንባብያን ይቅር ይበሉን፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ መንገዱን ስለዘጋበት ይህ ዓሣ ጣና አልደረሰም።)

ረጅም ዘንግ ስለምን ይወደዳል? ዘንግ የተገለበጠ መፈንቅል ነው ማለት ይቻላል። ድንጋይ ስንፈነቅል እጃችን ብዙ ተጉዞ ድንጋዩ ጥቂት ይነሣል፤ በዘንግ ስንወረውር ግን እጃችን ጥቂት ተንቀሳቅሶ ጫፉ ብዙ ይጓዛል። እጃችን ዘንጉን የሚያዞርበት ፍጥነት ካልተለወጠ የጫፉ ፍጥነት ከዘንጉ ርዝመት ጋር በቀጥታ ያድጋል። የ2.1 ሜትሩን ዘንግ በ2.7 ሜትር ብንተካው የጫፉ ፍጥነት በ29 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የተወረወረ ነገር የሚሄድበት ርቀት ደግሞ ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ የአየርን ግጭት ለጊዜው ብንተወው፣ ርቀቱ በ65 በመቶ ከፍ ይላል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ አንባቢም በዚህ ቢረካ አይፈረድበትም።

ችግሩ ያለው «ካልተለወጠ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ማባበያው 10 ግራም ሲሆን ክንዳችንን የሚገድበው የራሱ የመንቀሳቀስ ፍጥነት ነው፤ ዘንጉ ቢረዝምም ባያጥርም እጃችን በአንድ ዓይነት ፍጥነት ይዞራል። ማባበያው 100 ግራም ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። አሁን የሚገድበን የክንዳችን ኃይል ነው፤ ዘንጉ በረዘመ ቁጥር እጃችን ይዘገያል። ለማባበያው የምንሰጠው ጉልበት የሚገኘው ዘንጉን የምናዞርበትን ኃይል፣ ይኸውም በኒውተን ሜትር የሚለካውን፣ ዘንጉ በዞረበት ማዕዘን በማባዛት ነው። በዚህ ብዜት ውስጥ የዘንጉ ርዝመት ከቶ አይገኝም! የክንዳችን የማዞር ኃይልና ማዕዘኑ እኩል ከሆኑ በ2.1 ሜትርም ሆነ በ2.7 ሜትር ዘንግ ማባበያው የሚያገኘው ጉልበት አንድ ነው። እንዲያውም ረጅሙ ዘንግ ራሱን ለማንቀሳቀስ ብዙ ጉልበት ስለሚፈጅ ለማባበያው የሚተርፈው ያንሳል። እውነተኛው አወራወር በእነዚህ በሁለቱ ጠርዞች መካከል ያለ መሆኑን አንክድም፤ ማባበያው በከበደ ቁጥር ግን ወደ ሁለተኛው እንጠጋለን።

ታዲያ ከባድ ማባበያ የሚጠቀም ሰው ርዝመትን የት ይፈልግ? ከማጠንጠኛው በታች ባለው እጀታ ላይ ነው እንላለን። አንዱ እጅ ሲገፋ ሌላው ሲስብ፣ እያንዳንዱ 100 ኒውተን ቢሰጥና በእጆቹ መካከል 25 ሳንቲ ሜትር ቢኖር የማዞር ኃይሉ 25 ኒውተን ሜትር ይሆናል። እጀታው ረዝሞ እጆቹ 40 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ 40 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። ዘንጉ 1.5 ራዲያን ቢዞር የመጀመሪያው 37.5፣ ሁለተኛው 60 ጁል ይሰጣል። በገበያ ላይ ገዢው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ርዝመት ብቻ ሲጠይቅ፣ በዘንጉ ሥር ያለችውን ይህችን 15 ሳንቲ ሜትር ሳያያት ያልፋል።

ከ60ው ጁል እኩሌታው ዘንጉንና ክንዱን በማንቀሳቀስ ይጠፋል ብለን እናስብ። በቀረው 30 ጁል የ100 ግራሙ ማባበያ በሰከንድ 24.5 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት ወደ 88 ኪሎ ሜትር ይወረወራል። ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆዎች የተንጠለጠሉበት ነገር በዚህ ፍጥነት ከጆሮአችን አጠገብ ያልፋል ማለት ነው። በወርወራው መካከል ክሩ ቢበጠስ ማባበያው ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። የዘንግ ምርጫ የምቾት ጉዳይ ብቻ ነው የሚሉ ወገኖች ይህን ቁጥር ደግመው እንዲመለከቱት እንሻለን።

አሁን ወደ ግትርነት እንለፍ። አንድ ጫፉ የታሰረ ዘንግ በሌላው ጫፉ ላይ ኃይል ሲያርፍበት የሚጎብጠው መጠን ከርዝመቱ ኪዩብ ጋር ያድጋል። ስለዚህ የ2.1 ሜትሩን ዘንግ ውፍረቱን ሳንለውጥ ወደ 2.7 ሜትር ብናስረዝመው ከእጥፍ በላይ፣ በትክክል 2.1 ጊዜ ያህል፣ ይለሰልሳል። የቀድሞውን ግትርነት ለመመለስ ውስጡ ባዶ የሆነውንና ግድግዳው ስስ የሆነውን ዘንግ በ29 በመቶ ማወፈር ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ክብደቱ በ65 በመቶ ይጨምራል፤ ለመዞር የሚያሳየው እንቢተኝነት ደግሞ ወደ 2.7 እጥፍ ያድጋል። ርዝመትንና ግትርነትን እንደ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ለየብቻ መምረጥ የማይቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለ100 ግራም ማባበያ ግትርነቱ ምን ያህል ይሁን? ማባበያው ዝም ብሎ ሲንጠለጠል ጫፉን የሚስበው በ1 ኒውተን ገደማ ነው። በወርወራው ጊዜ ግን በ3.6 ሜትር መንገድ ላይ ከዜሮ ተነሥቶ በሰከንድ 24.5 ሜትር ስለሚደርስ ጫፉን በ8 ኒውተን ገደማ ይጎትተዋል፤ ማለትም 850 ግራም የሚመዝን ያህል ይሆናል። ጫፉን አንድ ሜትር ለማጉበጥ 15 ኒውተን የሚፈልግ ዘንግ በዚህ ኃይል ግማሽ ሜትር ያህል ይጎብጣል፤ ተመልሶ ቀጥ ለማለት የሚፈጅበትም ጊዜ የሰከንድ 0.13 ያህል ነው። ጠቅላላው ወርወራ የሚፈጀው 0.3 ሰከንድ ነውና ይህ ተስማሚ ነው። አምስት ኒውተን ብቻ የሚበቃው ለስላሳ ዘንግ ግን ቀጥ ለማለት 0.22 ሰከንድ ይፈልጋል። አጥማጁ ክሩን ሲለቅ ዘንጉ ገና ጎባጣ ነው፤ ማባበያውም ወደ ሰማይ ይወጣል ወይም እግሩ ሥር ይወድቃል። በአንጻሩ 60 ኒውተን የሚፈልገው ዘንግ ምንም ያህል አይጎብጥምና በውስጡ ጉልበት አያጠራቅምም፤ ድንገተኛው ኃይል ሁሉ በክሩና በአንጓችን ላይ ያርፋል። ቀኑን ሙሉ በእንዲህ ያለ ዘንግ የወረወረ ሰው ማታ ላይ እጁን ቢያማርር እውነቱን ነው።

ዓሣው ከተያዘ በኋላ ደግሞ መፈንቅሉ ጌታውን ይለውጣል። ናይል ፐርቹ ክሩን በ50 ኒውተን ቢጎትት፣ 2.7 ሜትር ርዝመት ያለው ፈጽሞ የማይጎብጥ ዘንግ የ135 ኒውተን ሜትር ጭነት በእጃችን ላይ ያሳርፋል። እጀታው 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የታችኛው እጅ 34 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም ያህል መጫን ይኖርበታል። ዘንጉ ጎብጦ ጫፉ ወደ እኛ ቀርቦ ርቀቱ 1.3 ሜትር ቢሆን ግን ጭነቱ ወደ 16 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ዓሣውን የሚያደክመው የክሩ ውጥረት ነው፤ ውጥረቱ በሁለቱም እኩል ሆኖ ሳለ ግትሩ ዘንግ የሚያደክመው አጥማጁን ነው። በሌላ በኩል ዘንጉ ከሥር እስከ ጫፍ ለስላሳ ከሆነ ትልቁ መንጠቆ በዓሣው አጥንታም አፍ ውስጥ ሳይሰካ ይቀራል። ስለዚህ ለከባድ ማባበያ የምንመርጠው የታችኛው እኩሌታው ግትር፣ የላይኛው የሚታዘዝ ዘንግ ነው። ጫሞ ለዓመታት በመረብ ብዛት የናይል ፐርች ሀብቱ የተመናመነበት ሐይቅ ነው። ዓሣውን ይዞ የሚለቅ ሰው ባልተስማማ ዘንግ ረጅም ጊዜ ሲታገለው አድክሞ ይለቀዋል፤ ወይም ክሩ ተበጥሶ ዓሣው መንጠቆዎቹን በአፉ ይዞ ይሄዳል።

ስለ ቁሱ ጥቂት እንበል። የካርቦን ጭረት ግትርነቱ ወደ 230 ጊጋፓስካል፣ የመስታወት ጭረት ወደ 72 ነው። ካርቦኑ ቀላል ስለሆነ በክብደት ሲነጻጸር ብልጫው ወደ አራት ተኩል እጥፍ ይደርሳል። ይሁን እንጂ የካርቦን ጭረት በ1.5 በመቶ ገደማ ሲለጠጥ ሲሰበር የመስታወቱ ከ4 በመቶ በላይ ይታገሣል። ከባድ ማባበያ መወርወር ለሚጀምር ሰው ጥቂት ቢከብደውም መስታወቱን ወይም የሁለቱን ድብልቅ እንመክራለን። ካርቦን ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍም አይዘንጋ፤ በነጎድጓድ ጊዜም ሆነ በኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር የካርቦን ዘንግ ይዞ መቆም ለሞት ያደርሳል።

ለ100 ግራም ማባበያ፣ ከጀልባ ለሚያጠምድ ሰው፣ 2.4 ሜትር ገደማ ይበቃል የሚል አቋም አለን። ከሐይቅ ዳር የሚወረውር ክሩን ከሣርና ከድንጋይ በላይ ከፍ ማድረግ ስላለበት 2.7 ሜትር ቢይዝ ምክንያት አለው። በጫሞ ግን ዳር ላይ መቆም ራሱ የማይመከር ነው። «የአዞ ገበያ» የሚባለው ስፍራ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም፤ 30 ሳንቲ ሜትር የረዘመ ዘንግም ከአዞ አያድንም።

ከሁሉ ይልቅ የምንቃወመው ግን የስያሜውን ነገር ነው። በዘንጎች ላይ «ቀላል»፣ «መካከለኛ»፣ «ከባድ» ተብሎ ይጻፋል። እነዚህ ቃላት የጋራ መለኪያ የላቸውም፤ የአንዱ አምራች «ከባድ» የሌላው «መካከለኛ» ሊሆን ይችላል። በቃል ሳይሆን በቁጥር መለካት እንደሚቻል አሜሪካዊው ዶክተር ዊልያም ሃነማን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳይተዋል። ዘዴያቸው እጅግ ቀላል ነው፦ ዘንጉን በአግድም አስሮ፣ ጫፉ የዘንጉን ርዝመት ሲሶ ያህል እስኪወርድ ድረስ እያንዳንዳቸው 2.5 ግራም የሚመዝኑ የአሜሪካ ሳንቲሞችን በከረጢት ማንጠልጠል። የሳንቲሞቹ ብዛት የዘንጉ ጉልበት ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር በየዘንጉ ላይ እንዲጻፍ የማይደረግበት በቂ ምክንያት አይታየንም።

ይህን ሙከራ ለማድረግ ሳንቲምም ሆነ ውድ ዘንግ አያስፈልግም። ቀርከሃ በተፈጥሮው ውስጡ ባዶ፣ ከሥሩ ወፍራም፣ ወደ ጫፉ ቀጭን ነው፤ ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው ደጋ ዶርዜዎች ቤታቸውን የሚሠሩት በእርሱ ነው። ቀጠን ያለ የቀርከሃ ዘንግ ይወሰድና ከጫፉ 1 ሜትር ላይ በጠረጴዛ ጠርዝ አጥብቆ ይታሰር፤ በጫፉ ላይ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይንጠልጠል። አንድ ሚሊ ሊትር ውኃ አንድ ግራም ነውና፣ ጥቂት ውኃ ሲጨመር ጫፉ ምን ያህል እንደወረደ በማስመሪያ ይለካ። ከዚያም ማሠሪያው ወደ ሥሩ ተስቦ 1.5 ሜትር ሲሆን ያንኑ ያህል ውኃ ጨምሮ እንደገና ይለካ። የኪዩቡ ሕግ መልሱ 3.4 እጥፍ ገደማ ይሆናል ይላል። የሚገኘው ቁጥር ግን ከዚያ ያንሳል፤ የተጨመረው ግማሽ ሜትር ወፍራሙ የቀርከሃው ክፍል ነውና።