መፈለግም ትምህርት ነው

«ስለ ወላይታ የተጻፈ ነገር የለም» የሚል ቃል ከትምህርት ጓደኞቼ አፍ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። እኔም ራሴ እስካለፈው ዓመት ድረስ እንዲሁ እል ነበር። ዛሬ ግን ይህ አባባል ስሕተት መሆኑን፣ ስሕተቱም የመጣው ጽሑፍ በመጥፋቱ ሳይሆን ፈልጎ ማግኘትን ባለመማራችን መሆኑን ለመግለጽ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ ማታ ማታ ስለ ንጉሥ ሞቶሎሚ ያጫውቱን ነበር። ገድለ ተክለ ሃይማኖትም ይህንኑ ስም የዳሞት ንጉሥ አድርጎ እንደሚያነሣ የታሪክ አስተማሪያችን በክፍል ውስጥ ነገሩን። «እንግዲያስ ዳሞትንና ወላይታን ምን ያገናኛቸዋል?» ብዬ ብጠይቅ፣ «በዚሁ ጉዳይ ዶክተር ፀሐይ ብርሃነ ሥላሴ የጻፉት ጥናት በ1967 ዓ.ም. ጆርናል ኦቭ ኢትዮጵያን ስተዲስ በተባለው መጽሔት ላይ ወጥቷል፤ ሄደህ ፈልግ» አሉኝ።

ይህ መጽሔት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መጽሔት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቁጥር የወጣው በጥር ወር 1955 ዓ.ም. ነው። ተቋሙ የሚገኘው አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ከሶዶ እስከዚያ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ፣ ቀድሞ ቢሆን አንድ ተማሪ አሥር ገጽ ለማንበብ አውቶቡስ መሳፈር ነበረበት። ዛሬ ግን የቆዩት ቁጥሮች ገጽ በገጽ እንደ ፎቶግራፍ ተነሥተው ጄስቶር በተባለው የኤሌክትሮኒክ ክምችት ውስጥ ይገኛሉ። ጄስቶር በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲቋቋም ዓላማው የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያዎችን ያጣበቡትን የቆዩ መጽሔቶች በኮምፒዩተር እንዲነበቡ ማድረግ ነበር።

እኔም በከተማችን ወዳለ አንድ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ከኮምፒዩተር ፊት ተቀመጥሁ። የወላይታን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፌ ብፈልግ ስለ እንሰትና ስለ አፈር መከላት የተጻፉ ጥናቶች መጡልኝ፤ የእኔው ግን የለም። ዓመቱን 1967 ብዬ ብጨምር ሌላ ነገር መጣ። በደራሲዎች ዝርዝር ውስጥ ፀሐይ የሚለውን ስም ብፈልግም አጣሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ደክሜ «በእውነትም የለም» ብዬ ልነሣ ስል፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ የሆኑ አንዲት እናት ወደ እኔ ቀርበው «ልጄ፣ ምን ጠፋህ?» አሉኝ። ጉዳዩን ሳስረዳቸው ስሕተቶቼን አንድ በአንድ አሳዩኝ።

አንደኛ፣ ዓመቱ የእኛ አቆጣጠር ነው። ጥር 1967 ዓ.ም. በመጽሔቱ ሽፋን ላይ የሚገኘው 1975 ተብሎ ነው። እኔ ግን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ እፈልግ ነበር። ሁለተኛ፣ በውጭ አገር ዝርዝሮች የአባት ስም ይቀድማልና ደራሲዋ የሚገኙት ብርሃነ ሥላሴ በሚለው ስም ነው። ሦስተኛ፣ የአገራችን ስም አጻጻፍ አንድ አይደለም። ከመጀመሪያው ፊደል ቀጥሎ አንዱ ጸሐፊ ኦ፣ ሌላው ኢ፣ ሌላው ኤ የተባለውን የእንግሊዝ ፊደል ያስገባል፤ «ይ»ን አንዱ በአይ፣ ሌላው በዋይ ይጽፋል፤ ቲንም አንዱ አንድ ጊዜ፣ ሌላው ሁለት ጊዜ ያኖራል። በዚህ ስሌት አንዱ ስም እስከ 12 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል።

ከዚህም የሚከብድ ነገር ነበር። በዚያ ዘመን አገራችን ትጠራበት የነበረው ስም ዛሬ ሕዝባችን የማይቀበለው፣ አያቴም በቤታችን እንዲነሣ የማይፈቅዱት ስም ነው። የጥናቱም ርእስ የሚገኘው በዚያው ስም ነው። ሴትየዋ ይህን በነገሩኝ ጊዜ ጣቴ በፊደሎቹ ላይ ከበደኝ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲባል ስለ መልካም ስም ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የማይወደድም ስም እንዲሁ ይቆያል። ሴትየዋም ጭንቀቴን አይተው ሌላ መንገድ አሳዩኝ፤ በቃል መፈለጉን ትቼ መጽሔቱን ራሱን ከፈትሁ፤ 13ኛውን ጥራዝ፣ 1ኛውን ቁጥር መረጥሁ፤ ማውጫውን ሳነብ ጥናቱ ከፊቴ ቆመ።

አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ያለው ስም ከመዝገብ ጨርሶ ይፋቅ ይላሉ። እኔ በበኩሌ በዚህ አልስማማም። የታተመውን ርእስ ብንለውጠው የተጻፈውን ማጥፋት ይሆንብናል፤ የሚፈልገውም ሰው አያገኘውም። ይልቁንስ በመዝገቡ ላይ ከአሮጌው ስም አጠገብ ወላይታ የሚለው ትክክለኛ ስም ይጨመር። ያን ጊዜ ማንም ልጅ የራሱን ታሪክ ለማንበብ አያቱን የሚያሳዝን ስም ለመጻፍ አይገደድም።

እስከዚያው ግን ሥራው የእኛ ነው። በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ የወላይታ ስም የተጻፈባቸው ፊደላት፣ የሁለቱ ዘመን አቆጣጠሮች ንጽጽር፣ የተገኙትም ጥናቶች ከመጽሔቱ ስም፣ ከጥራዝና ከቁጥራቸው ጋር ይመዝገቡበት። አንዱ ደክሞ ያገኘውን ሌላው እንደገና አይድከምበት። ኮምፒዩተር ጥቂት ነው፣ መብራትም ይጠፋል ቢባል እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥራዙንና ቁጥሩን በወረቀት ይዞ የሄደ ተማሪ በአምስት ደቂቃ ያገኛል፤ ያልያዘ ግን ቀኑን ሙሉ ይውላል። ገንዘብም ሁልጊዜ አያግድም። ጄስቶር በ2012 ዓ.ም. አንድ የተመዘገበ ግለሰብ በወር እስከ 100 ጽሑፍ በነጻ እንዲያነብ ፈቅዷል፤ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን በተባለውም ክምችት ብዙ የኢትዮጵያ መጽሔቶች ይገኛሉ።

ክቡራን መምህራን፤ በየመንፈቀ ዓመቱ አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ ለዚህ ትምህርት ቢሰጡን ውለታው ትልቅ ነው። ክቡራን ወላጆች፤ ልጃችሁን ከኮምፒዩተር ፊት ባያችሁት ቁጥር በጨዋታ ጊዜውን ያጠፋል አትበሉ፤ የሚፈልገውን ጠይቁት።

በዚያን ዕለት ማታ የጥናቱን ዋና ሐሳብ ለአያቴ በወላይትኛ ነገርኋቸው። ጸጥ ብለው ካዳመጡኝ በኋላ «ይህ ሁሉ እስከ ዛሬ የት ነበር?» አሉኝ። እዚሁ ነበር፤ ፈላጊ ነው ያጣው። እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ደብተሩን ከዚህ ዓመት እንጀምር፤ የመጀመሪያውን መስመር እኔ እጽፋለሁ።