ፊት እንደ ነጠላ አይመለስም

መርካቶ ሸማ ተራ ገብተው ነጠላ ሲገዙ ምን እንደሚያደርጉ ያውቁታል። ጥበቡን ገልበጥ አድርገው ያያሉ፤ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥተው ይመረምራሉ፤ ዋጋውን ሲሰሙ እንደሚሄድ ሰው ይነሣሉ፤ ባለሱቁ ሲጠራዎ ደግሞ ይመለሳሉ። ማታ ቤትዎ ገብተው እንከን ቢያገኙበት፣ በማግሥቱ ይዘውት ሄደው ይሟገታሉ። ለአንድ ነጠላ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ ፊታችንን ለማስቀየር ስንነሣ ግን አንዳንድ ጊዜ የአንድ ጓደኛ ቃል ወይም በስልክ ላይ ያየነው ፎቶግራፍ ይበቃናል።

ይህን ያነሣሁት የአንዲት ወጣት ነገር ስላሳሰበኝ ነው። ከገጠር መጥታ የተማረች፣ አሁን በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት የምትሠራ ልጅ ናት። በአገጯና በአንገቷ ላይ በልጅነቷ የተነቀሰችው ንቅሳት አለ። በአገሯ ጌጥ የነበረው በከተማ መሳቂያ ሆነባትና አንገቷን በሻርፕ መሸፈን ልማዷ ሆነ። የእቁብ ዕጣ በወጣላት ሳምንት ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ መርካቶ ውስጥ አንድ ሰው በሚቀባ ውሃ በአንድ ቀን አጠፋልሻለሁ ብሎኛል። ልሂድ?» አለችኝ።

«ቆዪ እንጂ፣ ልጄ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንብሽ» አልኳት።

አስቀድመን በአንድ ነገር እንስማማ። መልክን በሕክምና ማስተካከል በራሱ ነውር አይደለም። ይህ ሕክምና «ፕላስቲክ» የተባለው ላስቲክ በፊት ውስጥ ስለሚጨመር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ስሙ ግን የመጣው መቅረጽን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሃሮልድ ጊሊስ የተባለው ሐኪም በእንግሊዝ አገር በጥይትና በእሳት ፊታቸው የፈረሰ ወታደሮችን እያከመ ሙያውን አስፋፋው። በእኛም አገር በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን የተጣመመ ጣትና አልከደን ያለ የዓይን ቆብ በቀዶ ሕክምና ሲያቃና ኖሯል። የካቲት 12 ሆስፒታልም እሳት የጎዳቸውን በማከም ይታወቃል። ከእነዚህ ሕሙማን አንዱን «ለውበት ብለህ ነው» ብሎ የሚወቅስ ማን ነው?

ነገሩ የሚከብደው ጤነኛው ሰው «አፍንጫዬ ሰፋ፣ ፀጉሬ ሸሸ፣ ሆዴ ገፋ» ብሎ ሲነሣ ነው። ያን ጊዜ ራስዎን ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ።

መጀመሪያ፣ የፈለገው ማን ነው? ሐሳቡ ዓመት ቆይቶ ካልተለወጠ የራስዎ ነው። በእጮኛ አስተያየት ወይም በጓደኛ ቀልድ ትናንት የተወለደ ከሆነ ግን ይቆይ። ደግሞ ሌላው ሰው በማያየው ጉድለት እየተጨነቀ በቀን ብዙ ሰዓት በመስተዋት ፊት የሚቆም ሰው አለ። ይህ ራሱን የቻለ የአእምሮ ሕመም ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ቢላዋ ብዙውን ጊዜ አያረካውም፤ አፍንጫው ቢስተካከል ጭንቀቱ ወደ አገጩ ይዛወራል። የሚሻለው የአእምሮ ሐኪም ማየት ነው።

ሁለተኛ፣ ምን አገኛለሁ፣ ምንስ ይተርፈኛል? ቆዳ ተቀዶ ጠባሳ የማይቀርበት ጊዜ የለም። በተለይ ጥቁር ቆዳ ባለን ሰዎች ላይ፣ ሐኪሞች ኬሎይድ የሚሉት ከልክ ያለፈ ያበጠ ጠባሳ ይበዛል። ጆሮዎን በተበሱ ጊዜ እንዲህ ያለ እብጠት ወጥቶብዎ ከነበረ፣ ሐኪሙ ሳይጠይቅዎ ይንገሩት። ሲጋራ የሚያጨሱም እንደሆነ አይደብቁት፤ ቁስል ቶሎ እንዳይድን ያደርጋል። ንቅሳትን በሌዘር ማስጠፋትም የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፤ በሳምንታት ልዩነት ደጋግሞ መመላለስን ይጠይቃል፣ ቆዳውም በቦታው ሊነጣ ወይም ሊጠቁር ይችላል። «በአንድ ቀን» የሚያጠፋው ውሃ ግን ብዙውን ጊዜ አሲድ ነው፤ ቀለሙን የሚያነሣው ቆዳውን አቃጥሎ ነው። ምን እንዳለበት ሳይጻፍ የሚሸጥ የፊት ማቅያ ቅባትም እንዲሁ ነው። በአንዳንዱ ባዜቃ፣ ማለት ሜርኩሪ ይገኛል፤ ይህም ኩላሊትን ይጎዳል። በሌላው ብርቱ ስቴሮይድ አለ፤ እሱም ሲቆይ ቆዳን ያሳሳል።

ሦስተኛ፣ ቢበላሽ ማን ይጠየቃል? ሐኪሙ በዚሁ ሙያ የሠለጠነና ፈቃድ ያለው መሆኑን፣ ማደንዘዣውን የሚሰጠውም ማን እንደሆነ ይጠይቁ። በመጠየቅዎ የሚቆጣ ከሆነ ተነሥተው ይውጡ። ፀጉር ለማስተከል ኢስታንቡል ድረስ የሚሄዱ አሉ። ቁስሉ አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ ቢያመረቅዝ ማን እንደሚያይልዎ ከመሳፈርዎ በፊት ይወቁ። ገንዘቡ የሚገኘው በብድር ከሆነ ደግሞ፣ ደመወዝዎ ስንት ወር እንደሚያዝ በወረቀት ላይ ይደምሩት።

ያቺ ልጅ ሦስቱን ጥያቄ ጽፋ ሄደች። ከሁለት ወር በኋላ ስንገናኝ ሻርፑ ከአንገቷ ወርዷል፤ ንቅሳቱ ግን እንዳለ ነው።

«የአገጬን ሐኪም ዘንድ ጀምሬአለሁ» አለችኝ። «እሱን ከልጅነቴ ጀምሮ አልወደውም ነበር። የአንገቴን ግን አያቴ ናት እያባበለች ያስነቀሰችኝ። የጠሉት የሚስቁብኝ ሰዎች እንጂ እኔ እንዳልሆንኩ የገባኝ መልሱን ስጽፍ ነው።»

እርስዎም አስበውበት መልስዎ «አዎን» ቢሆን አይፈሩ፤ «አይሆንም» ቢሆንም ኋላ ቀር ሆንኩ ብለው አይዘኑ። ብቻ ለነጠላው የሚያደርጉትን ምርመራ ለፊትዎ አይንፈጉት። ነጠላው ባይስማማዎ ባለሱቁ ሊመልስልዎ ይችላል፤ ፊትን ግን የሚመልስ ሱቅ በመርካቶም የለም።