ከመቶ 37፤ የምኑ መቶ?

ባለፈው ወር እኔና ጓደኛዬ በላቦራቶሪ አንድ ሊትር 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እንድናዘጋጅ ታዘዝን። የተሰጠን ጠርሙስ «አሲድ 37%» ከሚል ጽሕፈት በቀር ምንም የለበትም። እኛም በ100 ሚሊ ሊትር 37 ግራም አለ ብለን 99 ሚሊ ሊትር ያህል ከውሀ ጋር ቀላቅለን ሊትሩን ሞላን።

ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረም። መቶኛው በክብደት ነው፤ ይኸውም በ100 ግራም ፈሳሽ 37 ግራም ማለት ነው። የዚህ አሲድ አንድ ሊትር 1190 ግራም ስለሚመዝን በውስጡ 440 ግራም ንጹሕ አሲድ አለ፤ ይኸም ለ36.5 ሲካፈል 12 ሞላር ገደማ ይሆናል። መቅዳት የነበረብን 83 ሚሊ ሊትር ነው። ያዘጋጀነው 1.19 ሞላር ሆነና የሳምንቱ ቲትሬሽን ሁሉ ተበላሸ። «ሒሳብ አታውቁም» ተባልን። ሒሳቡንስ እናውቃለን!

በፈተና ወረቀት ላይ የሊትሩ ክብደት ሁልጊዜ ይሰጠናል። ፋብሪካውም በጠርሙሱ ላይ ይጽፈዋል። ወደ ትንሹ ጠርሙስ ሲገለበጥ የሚያስቀረው ማን ነው?

ነገሩን ቀላል የሚያደርጉ አሉ፤ በበኩሌ አልስማማም። ከመካከላችን ነገ ሐኪም የሚሆኑ አሉ። የደም ስኳር 10 ሚሊ ሞል በሊትር ማለት 180 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው። መለኪያው ሳይጻፍ «10» ብቻ ቢመጣ በአንደኛው ስኳሩ ከፍ ያለ ሰው ነው፤ በሁለተኛው ሊሞት የደረሰ።

ስለዚህ ኃላፊዎቹን የምንለምነው በየጠርሙሱ ላይ በክብደት ይሁን በይዘት፣ የሊትሩ ክብደትና የተገለበጠበት ቀን እንዲጻፍ ነው። ወረቀቱንና ሙጫውን እኛ እናመጣለን።