ዘውዱ ላልደረሳት ልጅ

ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም. በሕንድ አገር በሃይደራባድ ከተማ የዓለም የቁንጅና ውድድር ተደርጎ ነበር። ከየአገሩ ከቀረቡት 108 ቆነጃጅት መካከል የታይላንዷ ኦፓል ሱቻታ ዘውዱን ስትደፋ፣ የኢትዮጵያዋ ሐሴት ደረጀ ሁለተኛ ወጣች። ወሬው በአገራችን በተሰማ ጊዜ ደስ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ደስታውም ተገቢ ነበር። ዳሩ ግን እንዲህ ያለ ወሬ ከደስታ ሌላ የሚያሳድረው ነገር አለ። ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ አንዲት ድኻ እናት ወሬውን ሰምታ ስታበቃ፣ የልጇን ቁመናና ዓይን እንደ አዲስ መመልከቷ አይቀርም። እኛም ዛሬ ልንናገር የፈለግነው ስለዚሁ ተስፋ ነው።

እንዲህ ያለችውን እናት ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት። በዚያ ብርድ ሌሊት ተነሥታ እንጀራ የምትጋግር፣ ጠላ የምትጠምቅ፣ የሰው ልብስ የምታጥብ፣ ባሏ የሞተባት ወይም ጥሏት የሄደ እናት ጥቂት አይደለችም። ልጇን ለማስተማር ስትል ከአንኮበር ወጥታ በከተማው አንዲት ክፍል ቤት የተከራየችም አትጠፋም።

ይህች እናት የ16 ዓመት ልጇን ለቁንጅና ውድድር አስመዘገበች እንበል። ሰው ምን ይላል? አንዱ «ልጇን ገበያ አወጣቻት» ይላል፤ ሌላው «በገዛ እጅዋ አበላሸቻት» ይላል። እኛ ከሁለቱም ጋር አንስማማም። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፤ ከአንዲት ልጅ በቀር ሌላ ሀብት የሌላት ሴትም ያለቻትን ለጨዋታ ብላ አደባባይ አታወጣም። እርስዋ አሥር ዓመት ሙሉ ከእንጀራው ሽያጭ እየቆጠበች ደብተር ገዝታለች። ይሁን እንጂ ትምህርቱን ፈጽሞ፣ ሥራ አጥቶ፣ ከወላጆቹ ቤት የተቀመጠውን የጎረቤት ልጅ በየቀኑ ታያለች። ለቤት ሠራተኛነት ወደ ዓረብ አገር ሄዳ ጤናዋን አጥታ ስለ ተመለሰችውም ሰምታለች። በሮቹ ሁሉ ጠበውባት ሳሉ አንድ የሚያብረቀርቅ በር ተከፍቶ ብታይ፣ ወደዚያ ብትሮጥ ምን ያስደንቃል?

እናት ስለ ልጇ ታላቅ ነገር ማለሟ ደግሞ ለዚያ አገር እንግዳ አይደለም። በሸዋ ነገሥታት ዘመን ወይዘሮ እጅጋየሁ የተባሉት ሴት ከማኅፀናቸው ፀሐይ ስትወጣ በሕልም እንዳዩ በትውፊት ይነገራል፤ በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ የወለዱት ልጅም በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ተባሉ። ስለዚህ የእናትን ሕልም አንነቅፍም። የምንጠይቀው፣ በሕልሟ ላይ የሚነግዱት ሰዎች ምን ዓይነት ውል እንዳቀረቡላት ነው።

ነገሩን እናቲቱ ራስዋ በምታውቀው በእቁብ እንመዝነው። በእቁብ ሁሉም ይጥላል፤ ዕጣው ዛሬ ባይወጣለት በሌላ ቀን ይወጣለታል፤ ዳኛውና ጸሐፊው በሠፈሩ የታወቁ ናቸው፤ ዋስም ይጠራል። የቁንጅና ውድድር ግን ሃያ ሰው ጥሎ አንድ ሰው ብቻ የሚበላው እቁብ ነው። የቀሚሱ፣ የጫማው፣ የጸጉር ሥራውና የመኪናው ዋጋ ከእናቲቱ መቀነት ይወጣል። ይህን ለመክፈል ከጎረቤት ትበደራለች። ልጅቱ ለልምምድ ስትል ከትምህርት ቤት ትቀራለች። በመጨረሻው ሌሊት ለአንዷ ዘውድ ይደፋላታል፤ አሥራ ዘጠኙ ዕዳቸውንና ያመለጣቸውን ትምህርት ይዘው፣ በሕዝብ ፊት «አልበቃሽም» መባልን ተሸክመው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። እቁብ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለውን ደንብ ማን ይቀበለው ነበር?

እንግዲህ በእኛ አስተያየት የአንድ ውድድር ደግነት የሚለካው ዘውዱ ባልደረሳት ልጅ ነው። እርስዋ ስትመለስ አንድ ሙያ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ቢያንስ ያወጣችውን ወጪ ይዛ ከተመለሰች፣ ውድድሩ መልካም ነው። ባዶ እጅዋን ከተመለሰች ግን የአዘጋጁ ትኬት ማሻሻጫ ሆና አመሸች ማለት ነው።

ውበትን አደባባይ የማውጣት ልማድ ለእኛ አዲስ አይደለም። በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አዲስ ልብስ ለብሰው፣ አበባየሆሽ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ፤ ያገኙትንም ይካፈላሉ። በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ በሚባለው የነሐሴ በዓል ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ አጊጠው ይጨፍራሉ። የሚመለከተው ጎረምሳ በልቡ ይመርጥ ይሆናል፤ ነገር ግን «አንቺ አሥራ ዘጠነኛ ነሽ» ብሎ ወደ ቤቷ የሚያሰናብታት የለም።

«ይህ የጥንት ነገር ነው፤ የዘመኑ ውድድር ግን በዓለም ደንብ የሚመራ ነው» የሚሉን ይኖራሉ። የዓለሙ ደንብ ግን ሲለወጥ የኖረ ነው። ኤሪክ ሞርሊ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1951 በለንደን ይህን ውድድር ሲጀምር፣ ቆነጃጅቱ በዋና ልብስ ይታዩ ነበር። አዘጋጆቹ እ.ኤ.አ. በ2014 የዋና ልብሱን ውድድር አስቀሩት። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ መንግሥት ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በመልክ እንዳይወዳደሩ ሲከለክል፣ 16 ዓመት ላልሞላቸው ደግሞ አዘጋጁ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያወጣ አዘዘ። በፋሽኑ አገር እንዲህ ያለ ሕግ ከወጣ፣ እኛ ዕድሜ ብንጠይቅ ኋላ ቀር አያሰኘንም።

መልክ እንጀራ አይሆንም ለማለትም አንደፍርም። የአዲስ አበባ ተወላጅ የሆነችው ሊያ ከበደ በፋሽን ዓለም ታላቅ ስም አግኝታለች። እ.ኤ.አ. በ2005 የዓለም ጤና ድርጅት ለእናቶችና ለሕፃናት ጤና የበጎ ፈቃድ አምባሳደር አድርጎ ሾማት፤ በ2007 ደግሞ ለምለም የሚባለውን የልብስ ድርጅት አቋቁማ ለአገራችን ሸማኔዎች ሥራ አስገኘች። የእርስዋን መንገድ የምታደንቅ ልጅ ግን ይህን ልብ ትበል፤ ስሟ ካሜራው ከዞረ በኋላ የቆየው መልኳን በሥራ ስለ ደገፈችው ነው።

አሁን ንግግራችንን ወደ እናንተ፣ ወደ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች እንመልስ። በባህል ወይም በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ የፈቃድ ማመልከቻ ሲቀርብላችሁ፣ ማኅተሙን ከማንሣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የልጅቱ ዕድሜ ስንት ነው? ውሉ በአማርኛ ተጽፎ፣ እናቲቱ ተነቦላት ተረድታዋለች ወይ? የተሸነፈችውስ ምን ታገኛለች? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ 18 ዓመትን ወስኗል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156ም 18 ዓመት ያልሞላው ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ደግሞም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳይሠራ ከልክሏል። ውድድር ቅጥር አይደለም ይባል ይሆናል፤ ቢሆንም በፋብሪካ ሌሊት እንዳትቆም ሕግ የሚጠብቃትን ልጅ፣ በመድረክ ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ማቆም ከሕጉ መንፈስ ጋር እንዴት ይስማማል?

ለተማሪዎችም አንድ ቃል አለን። በአዳራሽ ተቀምጣችሁ ስታጨበጭቡላት አምሽታችሁ፣ በማግሥቱ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ስሟን በክፉ የምታነሡ ከሆነ፣ በእናቲቱ ላይ ከተጫነው ዕዳ የሚበልጠውን የምትጭኑባት እናንተ ናችሁ። ያጨበጨበ እጅ ምላሱንም ይሰብስብ።

ለእናቲቱ የምንሰጣት ምክር አጭር ነው፤ ሁለት ዓመት ይታገሡ፣ እመቤቴ። የልጅዎ መልክ በሁለት ዓመት አይረግፍም፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ያን ጊዜ ልጅቱ 18 ዓመት ሞልቷት፣ ውሉን በገዛ ዓይኗ አንብባ፣ ብትወድ ትፈርማለች፤ ባትወድ «ይቅርብኝ» ትላለች። «ይቅርብኝ» ለማለት የምትችል ልጅ ያሳደገች እናትም ድካሟ ከንቱ አልቀረም።