ያለፈ ሕይወትን ስለ መጻፍ

በአገራችን የጻድቃን ገድል ይጻፍ የነበረው ጻድቁ ካረፈ በኋላ በደቀ መዛሙርቱ ወይም በኋለኛው ትውልድ ጸሓፊ እጅ ስለ ሆነ፣ ሰው ስለ ራሱ ኑሮ መናገሩ እንደ ውዳሴ ከንቱ ሲቈጠር ኖሯል። ትሕትናው የተከበረ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ያየ አረጋዊ ሁሉ ያየውን ይዞ ወደ መቃብር እንዲወርድ አድርጓል። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወታቸውን ታሪክ ጽፈው ቢያልፉም፣ መጽሐፉ ለአንባቢ የደረሰው እርሳቸው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ደጃዝማች ከበደ ተሰማ «የታሪክ ማስታወሻ»ን በ1962 ዓ.ም. በሕይወት ሳሉ ማሳተማቸው ስለዚህ ሊመሰገን ይገባል።

ያለፈን ኑሮ መጻፍ ከማስታወስ የተለየ ሙያ ነውና መማርን ይጠይቃል። ከሁሉ የሚከብደው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ጸሓፊው ያን ጊዜ ያወቀውን ኋላ ከተረዳው መለየት ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው፣ ባለታክሲዎችም የቤንዚን ዋጋ ስለ ናረባቸው ሥራ ባቆሙ ጊዜ በአዲስ አበባ ተማሪ የነበረ ሕፃን፣ ዛሬ ሸምግሎ ብዕር ሲያነሣ «የዘውዱ ፍጻሜ መቃረቡን ተረዳሁ» ብሎ ይጽፍ ይሆናል። ሕፃኑ ግን ይህን አልተረዳም፤ እርሱ ያወቀው ትምህርት መቋረጡን፣ አባቱ ከሥራ በእግሩ ተጕዞ ማምሸቱን፣ እናቱም ከደጅ እንዳይወጣ መከልከሏን ነው። ስለ አብዮቱ መንሥኤ ሊቃውንት ጽፈዋል፣ ወደፊትም ይጽፋሉ፤ አባቱ በዚያ ምሽት ጫማውን እያወለቀ ለእናቱ የነገራትን ግን ከዚህ ልጅ በቀር የሚጽፍልን የለም።

በፋሺስት ወረራ ጊዜ ተማርከው ወደ ኢጣልያ የተጋዙት ሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» የተባለውን የዚያን ጊዜ ማስታወሻቸውን ያሳተሙት በ1985 ዓ.ም. ነው፤ በመካከሉ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፏል። እንዲህ ያለ ርቀት ማስተዋልን ይሰጣል፤ ፈተናም አለበት። ጸሓፊው ጠላት ድል እንደ ተመታ ያውቃል፣ እስረኛው ግን ነገ ምን እንደሚመጣ አያውቅም ነበር፤ ያ ያለማወቅ ጭንቀት ከገጹ ከጠፋ የእስሩ እውነት አብሮ ይጠፋል።

ጸሓፊውን ሌላም ፈተና ይጠብቀዋል፤ ወንድምና እኅት አንዱን ቀን ለየቅል ቢያስታውሱት ሁለቱን ቃል ጐን ለጐን ማስፈር እንጂ አንዱን መርጦ ሌላውን መሰረዝ አይገባም። ስለ ሞቱ ሰዎች ምሥጢር ደግሞ እጅግ መጠንቀቅ ያሻል፣ መልስ ሊሰጡ አይችሉምና።

ይህ ሙያ ከልጅነት ቢጀመር እመርጣለሁ። የአማርኛ መምህራን ተማሪውን ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ ንጽሕና ድርሰት እንዲጽፍ ማዘዛቸው መልካም ነው፤ ሆኖም በወር አንድ ጊዜ እንኳ፣ በዓይኑ ያየውን የአንድ ቀን ነገር ያለ ፍርድና ያለ ምክር እንዲጽፍ ቢያዝዙት፣ ሲያርሙም ከሆሄያቱ ጋር «ይህን አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ብለው ቢጠይቁት እለምናቸዋለሁ።